ወደ ግላይደር ውድድር ፍጻሜ አደጋ ሳይደርስ እንዴት ይገባል? በሐዋሳ ከፍታ የተሠራ ምሳሌ

ግላይደር ሞተር የሌለው አውሮፕላን ነው። አብራሪው ወደ ላይ በሚወጣ ሞቃት አየር እየተሽከረከረ ከፍታ ያገኛል፣ ከዚያም ያንን ከፍታ በርቀት ይመነዝራል። በውድድር ቀን ሜዳው ላይ ሲደርስ የተረፈው ከፍታ ሁሉ የባከነ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ መሬት እየላሱ መግባት ሁሉንም ተወዳዳሪ ያጓጓል። ጥሩ ደንብ ዝቅታን ጥቅም አልባ ያደርጋል። ጥሩ አብራሪ ደግሞ አገባቡን ገና 20 ኪሎ ሜትር ሲቀረው ይወስናል።

የሐዋሳ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከታች ያሉት ቁጥሮች በሙሉ በዚህ ከፍታ የተሠሩ ናቸው።

1. አዘጋጆቹ፦ ክቡንና ዝቅተኛውን ከፍታ ወስኑ

ፍጻሜው መስመር ወይም በሜዳው ዙሪያ ያለ ክብ ሊሆን ይችላል። መስመር አብራሪውን ሰው ወደሚቆምበት ሜዳ ዝቅ ብሎ እንዲመጣ ይጋብዘዋል፤ ስለዚህ ክብ ይመረጣል። በዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን የግላይደር ደንብ የክቡ ራዲየስ ቢያንስ 3 ኪሎ ሜትር ነው። ግላይደሩ ክቡን ሲያቋርጥ ሰዓቱ ይቆማል፣ የቀረው ለማረፍ ብቻ ይሆናል።

ዝቅተኛው ከፍታ በግምት አይወሰንም። ግላይደሩ በ30 ሜትር ርቀት 1 ሜትር ቢወርድ፣ ከክቡ እስከ ሜዳው 100 ሜትር ይፈጃል። ሜዳውን ዞሮ ለማረፍ 150 ሜትር ጨምሩ፤ 250 ሜትር ይሆናል። ተቃራኒ ነፋስ በሚበረታበት ቀን 300 አድርጉት። ቅጣቱም በጎደለው ሜትር ልክ ቀስ በቀስ ይደግ። አንድ ሜትር የጎደለው ሁሉንም ነጥብ የሚያጣ ከሆነ፣ አብራሪው ወደ ውጭ መመልከቱን ትቶ ዓይኑን ከፍታ መለኪያው ላይ ይተክላል፤ ግጭት የሚፈጠረውም ያኔ ነው።

የበረራ ፈቃዱና ከመንገደኛ አውሮፕላኖች ጋር ያለው የሰዓት ክፍፍል አስቀድሞ ከሲቪል አቪዬሽን ጋር ይጠናቀቅ።

2. ከፍታ መለኪያውን ከባሕር ጠለል አንብቡ

በዝቅተኛ አገር ብዙ አብራሪዎች መለኪያውን ሜዳው ላይ ዜሮ እንዲያነብ ያስተካክሉታል። ሐዋሳ ላይ ይህ አይሆንም። የሜዳው የአየር ግፊት ወደ 830 ሄክቶፓስካል ስለሚወርድ ከአብዛኞቹ መለኪያዎች ማስተካከያ ውጭ ነው። ስለዚህ ዒላማችሁ 1,700 ሲደመር 250፣ ማለትም 1,950 ሜትር ነው። ቁጥሩን በትልቁ ጽፋችሁ ፓነሉ ላይ ለጥፉት፤ ደክሞት ወደ ፍጻሜው የሚሮጥ ሰው ቀላል መደመር ይሳሳታል።

3. የመጨረሻውን ጉዞ አስሉ

ከክቡ 20 ኪሎ ሜትር ቀርቷችሁ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር እየበረራችሁ፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ተቃራኒ ነፋስ አለ እንበል። 30 የነበረው የርቀትና የከፍታ ምጣኔ ከመሬት አንጻር ወደ 26 ይወርዳል፤ 770 ሜትር ያስፈልጋል። 1,950 ሲደመር 770፣ መጠባበቂያ 100 ሲጨመር 2,820 ሜትር ነው። ይህን ከፍታ ሳትይዙ የመጨረሻውን ጉዞ አትጀምሩ።

10 ኪሎ ሜትር ሲቀር እንደገና መርምሩ። መጠባበቂያውን ጨምሮ 2,435 ሜትር አካባቢ መሆን አለባችሁ። ከዚያ ካነሰ ፍጥነት ቀንሱና ወደ ላይ የሚያወጣ አየር ካገኛችሁ እዚያው እየዞራችሁ ከፍታ ጨምሩ። በሐይቁ ላይ ግን ይህን አትጠብቁ፤ ቀዝቃዛ ውኃ ሞቃት አየር አያስነሳም፣ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነፍሰው ነፋስም ዳርቻውን ያቀዘቅዘዋል። መስመራችሁ በሐይቁ ላይ የሚያልፍ ከሆነ ወይ ተጨማሪ ከፍታ ያዙ፣ ወይ በዳርቻው ዙሩ።

ከመሬት 300 ሜትር ላይ ሆናችሁ ሜዳው መድረሱ ካጠራጠረ ውድድሩ ለእናንተ አብቅቷል፤ የምታርፉበትን ማሳ ምረጡ። አጨዳ ያለቀበት ማሳ ጥሩ ነው። የደረሰ በቆሎ ክንፍ ይዞ ግላይደሩን ያዞረዋል፤ እንሰት ያለበትን ጓሮ ፈጽሞ አትሞክሩ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ከላይ አይታይም፣ ስለዚህ ምሰሶውን ፈልጉ።

4. ክቡን አፍንጫ ሳታቀኑ አቋርጡ

10 ኪሎ ሜትር ሲቀር በሬዲዮ ቁጥራችሁን፣ የምትመጡበትን አቅጣጫና በቀጥታ እንደምታርፉ ወይም ዞራችሁ እንደምታርፉ ተናገሩ። የውኃ ባላስት (ለክብደት የተጫነ ውኃ) ካለ አስቀድማችሁ አፍስሱ፤ ለመውጣት ደቂቃዎች ይወስዳል።

ክቡ ላይ አፍንጫ ቀና አድርጎ ከፍታ መሸመት አደገኛ ልማድ ነው። ከኋላና ከላይ ያለው ግላይደር አይታያችሁም፤ ፍላርም የሚባለው የግጭት ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ቢጮህም ለመሸሽ ጊዜ ላይበቃ ይችላል። ደግሞም የሚገኘው ከፍታ ሰዎች የሚያስቡትን ያህል አይደለም። ከ200 ወደ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲቀንሱ በወረቀት 118 ሜትር ይገኛል፤ ከ150 ወደ 100 ሲሆን ግን 49 ብቻ። ይህንንም የአየር ሰበቃ ይቀንሰዋል። በዝቅታና በመካከለኛ ፍጥነት የመጣ አብራሪ ቀና ብሎ ሲጨርስ ዝቅ ያለና ቀርፋፋ ሆኖ ይቀራል፤ እዚያ ላይ ጠምዝዞ ሲዞር ክንፉ ማንሳት ያቆምና ወደ መሬት ይሽከረከራል። በዚያ ከፍታ ማዳኛ የለም።

5. ማረፍ

እኩለ ቀን ላይ 27 ዲግሪ ሲሞቅ የሐዋሳ አየር በባሕር ጠለል ካለው መደበኛ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የፍጥነት መለኪያው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲያነብ እውነተኛው ፍጥነት 113 ነው። መሬቱ በፍጥነት ሲያልፍ የታየው አብራሪ «በጣም ፈጥኛለሁ» ብሎ ይቀንሳል፤ ስህተቱ ይህ ነው። የመለኪያውን ንባብ እመኑ። በአንድ ዓይነት የክንፍ ዝንባሌ የመዞሪያው ስፋት ከሩብ በላይ ስለሚያድግ ሜዳውን ሰፋ አድርጋችሁ ዙሩ፤ የመሬት ላይ ሩጫውም በዚያው መጠን ይረዝማል።

ጎማ መውረዱን ከመዞራችሁ በፊት አረጋግጡ። ሐይቁ ዙሪያ አባ ኮዳና ፔሊካን በዝቅታም በከፍታም ይዞራሉ፤ በክብደታቸው መስታወቱን ሰብረው ሊገቡ ስለሚችሉ ከመንጋው ሥር አትለፉ። ካረፋችሁ በኋላ እስክትቆሙ ቀጥ ብላችሁ ሂዱ፤ ወደ ቆሙት ግላይደሮች አትታጠፉ፣ ከኋላችሁም ሌላ እየመጣ ስለሆነ ረዳቶቻችሁ ወዲያው ወደ ጎን ይግፉት።