ለፓይለት ተማሪ፦ ኮክፒት ሳትገቡ ቤት የሚሠራ ሥራ

የበረራ አስተማሪ ነኝ። ሥራዬን የሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነው፤ «ሒሳቡ ይከብዳል አይደል?» አይከብድም። የሃይስኩል ሒሳብና ፊዚክስ በደንብ የገባው ልጅ ይወጣዋል። ልጆቹን የሚያስለቅሳቸው ሌላ ነው። እጅ መሪ ይዟል፣ ዓይን መሣሪያ ያያል፣ ጆሮ ታወር (የአውሮፕላን ማረፊያውን ተቆጣጣሪ) ይሰማል፣ አፍ ደግሞ በእንግሊዝኛ መመለስ አለበት። ለየብቻ ሲሆኑ ሁሉም ቀላል ናቸው። አንድ ላይ ሲመጡ ግን ጎበዙ ተማሪ እንኳ የገዛ ስሙ ይጠፋዋል። ደግነቱ አብዛኛው ቤት ተቀምጦ የሚለመድ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ሐኪም ጋ ሂዱ። ገንዘብ ሳትከፍሉ፣ ሥራ ሳትለቁ የአንደኛ ደረጃ የአቪዬሽን ጤና ምርመራ አድርጉ። ባለ ነጠብጣብ ክቦች ውስጥ ቁጥር የሚያስነብብ የቀለም ፈተና አለ። ቀለም አሟልቶ እንደማይለይ እዚያ ወንበር ላይ የሚያውቅ ሰው ሞልቷል። «መነጽር ካደረግክ አለቀልህ» የሚባለው ግን ወሬ ነው፤ በመነጽር የሚስተካከል ዓይን በዓለም አቀፉ ደንብ ያልፋል። አየር መንገዶች የራሳቸውን መስፈርት ሊጨምሩ ስለሚችሉ የምዝገባ ማስታወቂያውን እስከ ታች አንብቡት።

አሁን ወደ ሬዲዮ። ለዓለም አቀፍ በረራ የሚጠየቀው እንግሊዝኛ ከ6 ደረጃዎች ቢያንስ 4ኛው ነው። ፊልም አይቶ የሚስቅ ልጅ ይህን አያጣም። ችግሩ ታወር ሦስት አራት ነገር በአንድ ትንፋሽ ሲናገር ነው፤ አቅጣጫ፣ ከፍታ፣ የአየር ግፊት። ቁጥሮቹን ሳታዛቡ መልሳችሁ ማንበብ አለባችሁ። ስለዚህ እህታችሁ ወይም ጓደኛችሁ እንዲህ ዓይነት ቁጥር ያንብብላችሁ፣ እናንተ ሰሃን እያጠባችሁ ድገሙ። እጃችሁ ከቆመ አልተለማመዳችሁም ማለት ነው። ታክሲ ውስጥ ከፊት ያለውን መኪና ታርጋ በአቪዬሽን ፊደል አንብቡ፤ አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ እያላችሁ። 9 «ናይነር»፣ 3 «ትሪ» እንደሚባል አትርሱ። ረዳቱ ቢስቅ ይሳቅ።

እዚህ ላይ አንድ የእኛ ጣጣ አለ፤ ይሉኝታ። ተማሪው አልሰማም፣ ደግሞ መጠየቅ አፍሯል፤ ስለዚህ «ሮጀር» (ሰምቻለሁ) ይላል። እኔን ከምንም በላይ የሚያስፈራኝ ይቺ ቃል ናት። ካልሰማችሁ «ሴይ አጌን» (ድገሙልኝ) በሉ፣ ሁለት ጊዜም ቢሆን። ከጎናችሁ ያለው አስተማሪ አባታችሁን ቢያክልም ፍጥነት ሲወርድ ካያችሁ «ፍጥነት!» በሉ። ነውር አይደለም፤ የምትሠለጥኑት ለዚሁ ነው።

ሰዓትም አለ። አቪዬሽን የሚሠራው «ዙሉ» በሚባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። ቀን ላይ የእኛን ሰዓት ወስዳችሁ 3 ደምሩ፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት 0600 ዙሉ ነው፣ 6 ሰዓት ደግሞ 0900። የእጅ ሰዓታችሁን ከአሁኑ በዙሉ ሙሉት። ለቀጠሮ ግን ሌላ ሰዓት እዩ።

ቦሌ የሚበር ተማሪ ከዩቲዩብ ሲማር ደግሞ ይጠንቀቅ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ7,600 ጫማ ያልፋል። ቀትር ላይ ሙቀቱ 23 ዲግሪ ሲገባ አየሩ ከ10,000 ጫማ በላይ ያለውን ያህል ይሳሳል። ሴስና 172 ላይ ነዳጅና አየር የሚመጥን ቀይ መቆጣጠሪያ አለ። ቆላ አገር የተቀረጸ ቪዲዮ ለመነሳት እስከ መጨረሻው ግፉት ይላችኋል። እኛ ጋ እንዲያ ከተደረገ ነዳጁ ይበዛና ሞተሩ ያለችውንም ጉልበት ያጣል። ስለዚህ የአውሮፕላኑ መጽሐፍ በሚለው መሠረት መልሳችሁ ትመጥኑታላችሁ። ስታርፉም መለኪያው ያው ፍጥነት እያሳየ መሬቱ ቶሎ ቶሎ ያልፋል። ዓይናችሁ «ፈጥነናል፣ ቀንሱ» ይላችኋል። አትስሙት፣ መለኪያውን እመኑ፤ ረዘም ያለ ራንዌይ እንደሚያስፈልጋችሁም ቀድማችሁ አስሉ።

ለእጅ ደግሞ የኮክፒቱን ፎቶ በትልቁ አሳትሙና ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ፊቱ ወንበር አድርጋችሁ ተቀመጡ። ቼክሊስቱን ድምፅ አውጥታችሁ እያነበባችሁ እጃችሁን በትክክል ወደ ቦታው ላኩ፤ ነዳጅ መምረጫ፣ ፍላፕ (ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋው)፣ መብራት። ከዚያ «ሞተር ጠፋ» በሉ። መጀመሪያ አፍንጫውን ዝቅ፣ ፍጥነቱን ያዝ፣ ቀጥሎ ማረፊያ ሜዳ ምረጥ፣ ሬዲዮ መጨረሻ። የሰው ደመነፍስ መሪውን ወደ ራሱ መሳብ ነው፤ ያ ደግሞ ክንፉን ያሰንፈዋል፤ አውሮፕላኑን መሸከም ያቅተዋል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እጃችሁ ቦታውን እስኪያገኝ ድረስ ደጋግሙት። የቤት ሰው አበደ ቢላችሁ ችግር የለም።

ሶሎ፣ ማለትም ብቻችሁን የምትበሩበት የመጀመሪያው በረራ፣ የሚደርሰው ሳታስቡት ነው። አስተማሪው በሩን ከፍቶ «በል ሂድ» ብሎ ይወርዳል። አንድ ሰው ሲወርድ አውሮፕላኑ ይቀልላል፤ ከለመዳችሁት ቀድሞ ይነሳል፣ የሰርኪቱ (ማረፊያውን የምትዞሩበት መስመር) ከፍታ ላይም ቶሎ ይደርሳል። ስለዚህ መውጣቱን አቁማችሁ ለመደልደል ቀደም ብላችሁ ተዘጋጁ። ስታርፉም ትንሽ መንሳፈፍ ይወዳል፤ በግድ አትጫኑት፣ ካልተመቻችሁ ጋዝ ሰጥታችሁ ተነሱና እንደገና ዙሩ። ስትወርዱ ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤት የሚደፋባችሁ ባልዲ ውሃ ይጠብቃችኋል። ስልካችሁን ለአስተማሪው ሰጥታችሁ ሂዱ።