የልጅዎ ኢንሹራንስ «አንሸፍንም» ሲል፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሔው

በአሜሪካ ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ ከኢንሹራንሱ «ይህን አገልግሎት አንሸፍንም» የሚል ደብዳቤ ሲደርሰው፣ ብዙ ጊዜ ወይ ገንዘቡን ከኪሱ ይከፍላል ወይ የልጁን ሕክምና ያቋርጣል። ሁለቱንም ከማድረግ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ የልጁ ኢንሹራንስ የትኛው ዓይነት ነው የሚለው ነው፦ በአሠሪ በኩል የተገኘ ነው፣ ማርኬትፕሌስ ከሚባለው፣ ቤተሰብ ራሱ ኢንሹራንስ ከሚገዛበት የስቴቱ ገበያ የተገዛ ነው፣ ወይስ ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው) ወይም ቺፕ (ገቢያቸው ከዚያ ጥቂት ከፍ ላለ ቤተሰቦች ልጆች) የሚባለው የመንግሥት ፕሮግራም ነው? ተመሳሳይ ቃል ያለው ደብዳቤ በአንዱ ዘንድ የመጨረሻ ውሳኔ ሊሆን፣ በሌላው ዘንድ ግን ሕጉ የማይፈቅደው ክልከላ ሊሆን ይችላል። ካርዱ ላይ የግል ድርጅት ስም መታተሙም አያሳስትዎ። ብዙ ስቴቶች ሜዲኬይድን የሚያስተዳድሩት በግል ድርጅቶች አማካይነት ስለሆነ፣ «የግል ኢንሹራንስ አለን» የሚሉ ቤተሰቦች ልጆቻቸው በሜዲኬይድ ሥር ሆነው ይገኛሉ። ቺፕም እንደየስቴቱ ስሙ ይለያያል፤ ቨርጂንያ ውስጥ ለምሳሌ ፋሚስ ይባላል። ከካርዱ ጀርባ ወዳለው ቁጥር ደውሎ መጠየቅ ይህን በአንድ ጊዜ ያጠራል።

በነጻ የተባለው ምርመራ ቢል ሲያመጣ

እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የጤና ሕግ፣ ከጥቂት አሮጌ ፕላኖች በቀር፣ የልጆች መደበኛ የጤና ምርመራና በመደበኛው መርሐ ግብር ያሉ ክትባቶች በኔትወርክ ውስጥ ባለ፣ ማለትም ከኢንሹራንሱ ጋር ውል ባለው ሐኪም ዘንድ ያለ ኮፔይ (በየጉብኝቱ ከኪስ የሚከፈል) እና ያለ ዲዳክተብል (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስ የሚከፈል) እንዲሸፈኑ ያዛል። ቢሉ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀጠሮ ላይ ሌላ ጉዳይ በመታየቱ ነው፤ ወላጅ «ጆሮውንም ያመዋል» ሲልና ሐኪሙ ያንን መርምሮ መድኃኒት ሲያዝ፣ ጉብኝቱ በሁለት የክፍያ ኮድ፣ ማለትም እንደ ሁለት የተለያዩ አገልግሎቶች ሊመዘገብ ይችላል። ሁለተኛው ምክንያት ደሙ ወይም ሽንቱ ከኔትወርክ ውጭ ወደሆነ ላቦራቶሪ መላኩ ነው። ከመክፈልዎ በፊት ከኢንሹራንሱ የሚመጣውን ኢኦቢ የተባለ የክፍያ ማብራሪያ ከክሊኒኩ ዝርዝር ቢል ጋር ያስተያዩ። ቁጥሮቹ ካልተስማሙ ወይም ያልተደረገ ነገር ከተጻፈ፣ የክሊኒኩ የቢል ክፍል ኮዱን አርሞ እንደገና እንዲልክ ይጠይቁ።

አዲስ የተወለደው ሕፃን «አልተመዘገበም» ሲባል

የእናቲቱ ኢንሹራንስ ሕፃኑንም አብሮ ይይዛል የሚለው ግምት ብዙ ቤተሰብን ለከባድ ዕዳ ይዳርጋል። በአሠሪ በኩል በሚገኝ ኢንሹራንስ ወላጁ ሕፃኑን ለማስመዝገብ ራሱ መጠየቅ ይኖርበታል፤ ሕጉ ለዚህ የሚሰጠው ቢያንስ 30 ቀን ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የተመዘገበ ሕፃን ሽፋኑ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ስለሚቆጠር፣ የሆስፒታሉ ክፍያ ተመልሶ ሊታይ ይችላል። ወላጆች የሚዘገዩት ብዙውን ጊዜ የሶሻል ሴኪውሪቲ ቁጥሩ እስኪመጣ ሲጠብቁ ነው፤ ቁጥሩን ግን በኋላ መስጠት ስለሚቻል ምዝገባው በእርሱ ምክንያት መቆየት የለበትም። 30 ቀኑ ካለፈ በማርኬትፕሌስ በኩል ለመመዝገብ ከልደቱ ጀምሮ 60 ቀን አለ፤ ለሜዲኬይድና ለቺፕ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ማመልከት ይቻላል። እናቲቱ በወሊድ ጊዜ ሜዲኬይድ ከነበራት፣ ሕፃኑ አዲስ ማመልከቻ ሳይጠየቅለት አንድ ዓመት እስኪሞላው ይሸፈናል፤ ልደቱን ማሳወቅ ግን ያስፈልጋል።

ስፒች ቴራፒ (የንግግር ሕክምና) ወይም ሌላ ቴራፒ ሲከለከል

ወላጆች ከሁሉ በላይ መብታቸውን ሳያውቁ የሚተዉት እዚህ ላይ ነው፤ በንግግር ወይም በዕድገት ለዘገየ ልጅ ያለፈው ወር ስለማይመለስ፣ ጉዳዩን በጥንቃቄ ማየት ይገባል። ደብዳቤው ከሚሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ የዓመቱ የጉብኝት ቁጥር አልቋል የሚል ነው፤ ሌላው ቴራፒው የትምህርት ቤት ኃላፊነት ነው የሚል ሲሆን፣ ሦስተኛው ቅድመ ፈቃድ፣ ማለትም ሕክምናው ከመሰጠቱ በፊት የኢንሹራንሱ ፈቃድ፣ አልተጠየቀም የሚል ነው።

ልጁ ሜዲኬይድ ካለው የጉብኝት ቁጥር ማለቁ ብቻውን በቂ ምክንያት አይደለም። ሜዲኬይድ ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ ሁሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 በተጠናከረው ሕግ መሠረት፣ በሕክምና ረገድ አስፈላጊ መሆኑ የተረጋገጠውን አገልግሎት እንዲሸፍን ይገደዳል፤ ስቴቱ ያንኑ አገልግሎት ለአዋቂዎች ባይሸፍንም እንኳ። ስለዚህ ሐኪሙ ልጁ አሁን ያለበትን ደረጃ፣ ቴራፒው ያመጣውን ለውጥና ቢቋረጥ የሚደርሰውን ጉዳት በደብዳቤ እንዲያስረዳ ይጠይቁ። ይግባኝ ለማለት ሜዲኬይዱን የሚያስተዳድረው ድርጅት የክልከላውን ደብዳቤ ከጻፈበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን አለ፤ ቀድሞ የተፈቀደው አገልግሎት ውሳኔው እስኪታወቅ እንዲቀጥል የሚፈልግ ወላጅ ግን በ10 ቀን ውስጥ መጠየቅ ይኖርበታል። ድርጅቱ በውሳኔው ከጸና ስቴቱ ራሱ ጉዳዩን እንዲሰማ ማመልከት ይቻላል። ቺፕ እንደየስቴቱ ስለሚለያይ ይህ ሙሉ መብት በሁሉም ቦታ ላይሠራ ይችላል።

ከማርኬትፕሌስ የተገዛ ፕላን ልጁ ገና ያላዳበረውን ችሎታ ለማስገኘት የሚሰጥን ቴራፒ መሸፈን ግዴታው ነው፤ የቁጥር ገደብ ግን ሊያደርግ ይችላል። ትልልቅ አሠሪዎች ወጪውን ራሳቸው የሚሸፍኑባቸው ፕላኖች በዚህ ግዴታም ሆነ በስቴት የኢንሹራንስ ሕግ አይገዙም፤ ስለዚህ ከሥራ ቦታው የሰው ኃይል ክፍል የፕላኑን ሙሉ ሰነድ ጠይቆ «የማይሸፈኑ» የሚለውን ክፍል ቃል በቃል ማንበብ ያስፈልጋል። በእነዚህ የግል ፕላኖች ለመጀመሪያው ይግባኝ 180 ቀን ይሰጣል፤ ክልከላው በሕክምና አስፈላጊነት ላይ ከሆነና ይግባኙ ካልተሳካ፣ ጉዳዩን ከድርጅቱ ውጭ ያለ ገለልተኛ አካል እንዲያየው በአራት ወር ውስጥ መጠየቅ ይቻላል። ከዚህ ሁሉ ጎን ለጎን፣ ልጁ ሦስት ዓመት ካልሞላው ወደ ስቴቱ የቅድመ ዕድሜ ድጋፍ ፕሮግራም፣ ከሞላው ደግሞ ወደ አካባቢው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ደውሎ ግምገማ መጠየቅ ኢንሹራንሱን መጠበቅ አያስፈልገውም፤ ግምገማውም በነጻ ነው።

ጥርስና መነጽር

ሜዲኬይድና ቺፕ የልጆችን የጥርስ ሕክምና ይሸፍናሉ፤ ሜዲኬይድ መነጽርና የመስሚያ መሣሪያንም ይጨምራል። በማርኬትፕሌስ የልጆች የጥርስ ሽፋን ተለይቶ ሊሸጥ ስለሚችል፣ ዋናውን ፕላን ሲገዙ ጥርስ እንዳለበት ያረጋግጡ። ለመልክ ብቻ የሚደረግ የጥርስ ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) አብዛኛውን ጊዜ አይሸፈንም፤ መንጋጋው ማኘክን የሚያውክ ከሆነ ግን ሐኪሙ ያንን በመለካትና በፎቶ አስደግፎ ቅድመ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል።

በክረምት ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ

ሜዲኬይድ ከአሜሪካ ውጭ ለተሰጠ ሕክምና አይከፍልም። የግል ፕላኖች ብዙውን ጊዜ ለድንገተኛ ሕክምና ብቻ፣ ያውም ወላጁ በራሱ ከከፈለ በኋላ የሚመልሱ ናቸው። እንደ ቢጫ ወባና ታይፎይድ ያሉ የጉዞ ክትባቶችም ከመደበኛው መርሐ ግብር ውጭ በመሆናቸው በነጻ ላይሰጡ ይችላሉ። ከመነሳትዎ በፊት ለልጆቹ የጉዞ የጤና ኢንሹራንስ ይግዙ፤ እዚያ ከታከሙም ማኅተም ያለበት ደረሰኝና የምርመራ ውጤት ይዘው ይመለሱ።

ያለ ማስጠንቀቂያ ሽፋኑ ሲቋረጥ

በመንግሥት ፕሮግራሞች የዚህ ዋነኛ ምክንያት የዓመት እድሳቱ ደብዳቤ ወደ አሮጌ አድራሻ መላኩ ነው። ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ከ19 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሜዲኬይድ ወይም ቺፕ ከተፈቀደለት፣ የወላጅ ገቢ በመሐል ቢጨምርም ሽፋኑ ለ12 ወር ይቀጥላል፤ በመሐል የተቋረጠ ሽፋን ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ። ቅጹ ባለመመለሱ የተዘጋ የሜዲኬይድ ፋይል ግን ከተዘጋ በኋላ በ90 ቀን ውስጥ ቅጹ ቢገባ እንደ አዲስ ሳያመለክቱ ይታያል።

ከእነዚህ ቢሮዎች ጋር ሲነጋገሩ የአማርኛ አስተርጓሚ በነጻ እንዲሰጥዎ መጠየቅ መብትዎ ነው። ከአስቸኳይ አደጋ በቀር ልጅዎን እንዲያስተረጉም ማድረግ በጤና ተቋማትና በኢንሹራንስ ድርጅቶች ላይ የተከለከለ ነው፤ «ልጅዎ ይንገርልን» ቢሉዎትም አስተርጓሚ እስኪመጣ እንደሚጠብቁ ይንገሯቸው፣ የተናገረዎትን ሠራተኛ ስምና ቀኑንም ይጻፉ።