አምባዛን እንክብል መኖ ማስለመድ

አምባዛ በመስታወት ገንዳ የሚያኖር ሰው ሁሉ አንድ አቤቱታ አለው፦ «የሚንቀሳቀስ ካልሆነ አፉን አይከፍትም።» ጣና ውስጥ ግን ይኸው ዓሣ የሞተ ዓሣ ያነሳል፤ ነፍሳትም ሆነ ከሥር የተኛ ብስባሽ አይንቅም። ገንዳ ውስጥ የሚያኮርፈው መኖው ሕይወት ስለሌለው ሳይሆን ደረቁ እንክብል ለእሱ ምግብ ስለማይመስለው ነው።

አምባዛ ዓይኑ ትንሽ ነው። በደፈረሰ ውኃ፣ ያውም በጨለማ፣ የሚያድነው በስምንት ጢሞቹ ነው። ጢሞቹ ይቀምሳሉ፣ አፍንጫው ያሸታል፣ ቆዳው የውኃውን ንዝረት ይሰማል። ከዚህ ሌላ የሌላ እንስሳ አካል የሚያወጣውን እጅግ ደካማ ኤሌክትሪክ የሚለዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ቆዳው ላይ አሉት። ትንሽ ቆሮሶ ስትዋኝ እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ ይነግሩታል፤ ከከረጢት የወጣ እንክብል ግን ጭጭ ነው። ስለዚህ ሥራው መጀመሪያ ሕይወቱን፣ ከዚያ እንቅስቃሴውን፣ ቀጥሎ ሽታውን፣ በመጨረሻ ልስላሴውን በየተራ መቀነስ ነው። ሁለቱን ባንድ ቀን የቀነሰ ሰው ከዜሮ ይጀምራል።

ከሐይቅ የተጠለፈ ትንሽ ዓሣ በሕይወቱ መስጠት የተባይ በር መክፈት ነው። ኮንትራሴከም የተባለው ክብ ጥገኛ ትል ገና እጭ ሳለ ከተበላው ዓሣ ወደ በላው ይሻገራል። ሥጋውን በቤት ማቀዝቀዣ የበረዶ ክፍል ውስጥ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ቢቻል ሁለት ሳምንት ማቆየት ይህን ስጋት ያስወግዳል።

ጊዜ መምረጥም አለ። የምድር ትል በክረምት ሞልቶ፣ ከኅዳር ወዲያ መሬቱ ሲደርቅ ጠልቆ ይጠፋል። የባሕር ዳር ሌሊትም በታኅሣሥና በጥር ይቀዘቅዛል፤ ውኃው ከ20 ዲግሪ ሲወርድ አምባዛ መብላት ይቀንሳል፣ ያኔ እንቢታውና ብርዱ አይለዩም። መስከረም ይመረጣል። ደብረ ማርቆስ ላይ ላለ ግን በየትኛውም ወር ማሞቂያ የግድ ነው፤ ውኃውን ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ያቆዩት። ማሞቂያውን በተቦዳደሰ የፕላስቲክ ቱቦ ይሸፍኑት፤ አምባዛ እየተገፋተረ ይሰብረዋል፣ ተለጥፎበትም ይቃጠላል።

ለ20 ሴንቲ ሜትር ዓሣ 200 ሊትር ገንዳ ለጊዜው ይበቃል። ለጊዜው ነው፤ ይህ ዓሣ ከአንድ ሜትር በላይ ያድጋል። ከውኃው በላይ 10 ሴንቲ ሜትር ባዶ ይተዉ፣ አየር ለመሳብ ወደ ላይ ይወጣልና። ክዳኑ ላይ ድንጋይ ይጫኑበት። በሌሊት ገፍቶ ወጥቶ ወለል ላይ እየተሳበ የሚሄድ ዓሣ ነው። ሥሩ ላይ ሹል ጠጠር አይኑር፤ ጢሙን ይልጠዋል፣ ጢሙ የተላጠ ዓሣ ደግሞ ምግቡን አያገኝም። መደበቂያ እንዲሆነው 11 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የፍሳሽ ቱቦ ቁራጭ ያስገቡለት። ቱቦ ውስጥ ተረጋግቶ የሚተኛ አምባዛ ቶሎ ይማራል።

ከአንድ በላይ ካሉ ከማስራብዎ በፊት ይለያዩአቸው። አምባዛ እርስ በርሱ ይበላላል፣ ሲራብ ደግሞ ይብሳል። ትንሹ ጠፍቶ ትልቁ ሆዱ ተነፍቶ ካገኙት ማስለመዱ ሌላ መንገድ ይዟል ማለት ነው።

አዲስ የገባ ዓሣ አሥር ቀን ያህል የለመደውን እየበላ ይረጋጋ። ከዚያ ከ15 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር የሆነውን 4 ወይም 5 ቀን ጾም ያሳድሩት። ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነውን ከአንድ ቀን በላይ አያስርቡ። ከላይ ሲያዩት ጭንቅላቱ ከሆዱ በጣም የሚሰፋ ከሆነ ከስቷልና ጾሙን ይተዉት፤ መጀመሪያ ይወፍር።

ጾሙ ሲያልቅ የመጀመሪያው ምግብ የሞተ የምድር ትል ነው። ትሉን በእርጥብ ወረቀት አንድ ቀን ያሳድሩት፣ አፈሩን ይጥላል፤ ከዚያ ያጥቡትና በረዶ ውስጥ ይክተቱት። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ መብራት አጥፍተው፣ የቀለጠውን ትል በረጅም የፕላስቲክ ወረንጦ ወይም ጫፉ በተሰነጠቀ ሸምበቆ ይዘው ከጢሙ 2 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ በዝግታ ያወዛውዙ። ዓሣውን አይንኩት፤ ከተነካ ወደ ቱቦው ገብቶ ያ ምሽት አለቀ። የብረት ወረንጦም ይቅር፤ ጥድፊያ ሲይዘው ነክሶት አፉን ይቆስላል።

ሦስት ምሽት በተከታታይ ከተቀበለ ወደ ቆሮሶ ፊሌቶ ይሂዱ። ቆዳና አጥንት የሌለውን ሥጋ 5 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 3 ሴንቲ ሜትር ርዝመት አድርገው ትል እንዲመስል ይቁረጡት። ከዓሣ ገበያ የሚጣለውን ሆድ ዕቃ አይጠቀሙ፤ ቶሎ ይበሰብሳል፣ ሐሞቱም ያስመርረዋል። ጨው የነካው የደረቀ ዓሣም አይሆንም። የበሬ ሥጋ ቢወድም ሞራው በቀዝቃዛ ሰውነቱ ውስጥ አይፈጭለትምና በየቀኑ የሚሰጥ አይደለም።

ፊሌቶውን በወረንጦ ሲለምድ፣ በየምሽቱ ቀድመው እየለቀቁት ይሂዱ፣ በመጨረሻም ትንሽ የሸክላ ሳህን ላይ አኑረውለት ዘወር ይበሉ። ሳህኑ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይሁን፤ ዓሣው ቦታውን ያውቃል፣ እርስዎም የተረፈውን በቀላሉ ያነሳሉ። እዚህ ላይ አይቸኩሉ፤ ሳምንት ቢፈጅ ምንም አይደለም።

ሽታውን መቀነሻው ሊጥ ነው። 12 ግራም ጀላቲን በ100 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውኃ ይሟሟ። ለብ ሲል (ትኩስ እያለ ከሆነ ቫይታሚኑ ይጠፋል) 160 ግራም የተፈጨ ፊሌቶና 40 ግራም የተወቀጠ እንክብል ይለውሱበት፤ በጠፍጣፋ ሳህን አርግተው እንደ ትል ይቁረጡት። በየ5 ቀኑ እንክብሉን 80፣ ከዚያ 120፣ ከዚያ 160 ግራም ያድርሱት፤ ፊሌቶውን በዚያው ልክ ይቀንሱ። እንክብሉ የዓሣ መኖ፣ ፕሮቲኑ 40 በመቶ አካባቢ የሆነና ወደ ሥር የሚሰምጥ ይሁን። የዶሮ መኖ በቆሎው ይበዛል፣ ፕሮቲኑም የዚህ ግማሽ ገደማ ነው። የኑግ ፋጉሎም ብቻውን አይበቃም፣ ገለባው ብዙ ነው።

160 ግራሙን ያለማመንታት ከበላ፣ ሙሉ እንክብል በፊሌቶ ጭማቂ ለ10 ደቂቃ አርሰው ይስጡት። ማራሱ ሽታ ብቻ አይደለም፤ ደረቅ እንክብል ሆድ ውስጥ ገብቶ ሊያብጥ፣ ዓሣውም ሊተፋው ይችላል። ጭማቂውን ቀስ በቀስ በውኃ ያቅጥኑት።

መጠኑን አያብዙ። 20 ሴንቲ ሜትር አምባዛ 60 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በቀን የክብደቱ 3 በመቶ፣ ማለትም 2 ግራም የማይሞላ ይበቃዋል። ሊጥ ከሆነ ሁለት የራሰ ሽምብራ ያህል፣ ደረቅ እንክብል ከሆነ ከዚያ ያነሰ ነው። በግማሽ ሰዓት ያላነሳውን ያውጡ። የሞተ ሥጋ ውኃ ውስጥ ሲያድር አሞኒያ ይወልዳል፤ አሞኒያ የነካው ዓሣ ደግሞ አይበላም፣ ባለቤቱም «እንቢ አለኝ» ብሎ ሌላ ይጨምርለታል። ብዙው ሙከራ የሚከሽፈው እዚህ ነው። በእነዚህ ሳምንታት ከውኃው ሩቡን በየሦስት ቀኑ ይለውጡ፤ የቧንቧ ውኃ ክሎሩ እንዲወጣ በሰፊ በርሜል አንድ ቀን ክፍቱን ይደር።

አንድ ደረጃ ላይ ሦስት ምሽት ከዘለለ ወደ ኋላ አንድ ደረጃ ብቻ ይመለሱ። ሕያው ዓሣ ግን አይስጡት፤ በመሀል አንዲት ቆሮሶ የቀመሰ አምባዛ ሊጡን እየዞረ ሁለት ሳምንት ሊጠብቅ ይችላል፣ አቅሙም አለው። ሙቀቱ ትክክል፣ ውኃው ንጹሕ ሆኖ እያለ ትልም ከተወ ነገሩ የመኖ አይደለም፤ አፉንና ጢሙን ይዩለት፣ ቁስል ወይም ነጭ ሻጋታ ሊኖር ይችላል።