የዓሣ ተመራማሪ ዘመድ ሲያርፍ የሕይወት ታሪኩን እንዴት እንጻፍ

ደሴ ላይ ሰው ሲሞት እድሩ ድንኳን ይጥላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ የሕይወት ታሪክ መጻፍ ደግሞ ፊደል ቆጥሯል ለተባለ ዘመድ ይሰጣል። በእኛ ቤት ያ ዘመድ እኔ ነኝ። አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ዕድሜውን የሐይቅና የወንዝ ዓሣ ሲያጠና የኖረ ባዮሎጂስት ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ ይዞ የኖረ ዘመድ ላላችሁ የሚጠቅመውን ልንገራችሁ።

«ከአባቱ ከአቶ እገሌ፣ ከእናቱ ከወይዘሮ እገሊት» የሚለውን አንድ አክስት ቁጭ አድርጋችሁ ጨርሱት። ወሎ ነንና ከወንድምና እህት ከፊሉ ሙስሊም፣ ከፊሉ ክርስቲያን ሊሆን ይችላል፤ ማንም እንዳይዘለል።

ዘመን ላይ ግን ጊዜ ውሰዱ። ቤተሰብ የሚቆጥረው በእኛ ነው፣ የምርምር ጽሑፎቹ የወጡት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፣ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ካሉ በኋላ 8 ይሆናል። ጽሑፎቹን ስትፈልጉ ደግሞ በራሱ ስምም በአባቱ ስምም ሞክሩ። ውጭ አገር ያሉ መጽሔቶች የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚይዙት ግማሹ ሥራ በአባቱ ስም ተመዝግቦ ታገኙታላችሁ።

ወሬ ይጣራ። የእኛ ቤት «ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ (ቲላፒያ) ሐይቁ ውስጥ ያስገባው እሱ ነው» ይል ነበር። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ባለው፣ ስሙም «ሐይቅ» በሚባለው ሐይቅ ቆሮሶ የተለቀቀው በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ያኔ አጎቴ ወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት ደብተር ተሸክሞ ይመላለስ ነበር። ያልሠራውን ብትሰጡት የሠራውንም የሚያምናችሁ አይኖርም።

የሠራውን የምታገኙት ደብተሩ ውስጥ ነው። የአጎቴ ደብተሮች እርጥበት ያጎረበጣቸው ናቸው፤ በእያንዳንዱ ገጽ ርዝመት፣ ክብደት፣ ጾታ፣ እንቁላሏ የደረሰበት ደረጃ በእርሳስ ተሰልፏል። በእርሳስ የሆነው ቀለም ውሃ ሲነካው ስለሚፈስ ነው። ከአንዱ ደብተር ትንሽ ፖስታ ወደቀች፣ ውስጧ የደረቀ የዓሣ ቅርፊት። ቅርፊት ላይ እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት አለ፣ ዕድሜ ይነበብበታል፤ እኛ አገር ግን እንደ ፈረንጅ አገር ያለ የበረዶ ወቅት ስለሌለ ቀለበቱ ይምታታል። አጎቴ ይህን ሲያስረዳ ቡናው ይቀዘቅዝ ነበር።

ሁሉንም አትዘርዝሩ። አንድ ሥራ መርጣችሁ የእድሩ ዳኛም ንፍሮ የምታቀርበዋም እንዲገባቸው አድርጋችሁ ጻፉት። እኔ የመረቡን ነገር መረጥኩ፦ «እናት ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ታስፈለፍላለች። ዓይኑ የጠበበ መረብ አንድ ጊዜ እንኳ ያልወለደችውን ይይዛል። እሱ የመረቡ ዓይን እንዲሰፋ የተከራከረው ዓሣዋ ከመያዟ በፊት እንድትወልድ ነው።» ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። የዲግሪውን ዝርዝር ግን በአንድ መስመር እለፉት፤ ያስተማረው ዩኒቨርሲቲ የራሱን ያነባል።

ከዚያ ዓሣ አስጋሪዎቹን ጠይቁ። ሐይቅ ዳር ሄጄ ስሙን ብጠራ ያወቀው ጥቂት ነው፤ «ያ መረብ በማስመሪያ የሚለካው ሰውዬ?» ሲባል ግን ሁሉም ሳቀ። አንዱ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ነገረኛ ነበር፤ መረቤን አስጥሎኛል» አሉኝ። ቀጥለውም በክረምት ጀልባቸው ሲሰበር ጣውላ የገዛላቸው እሱ እንደሆነ ነገሩኝ። ሁለቱንም ጻፍኩ። እናቴ «ነገረኛ» የሚለው ይውጣ ብላ ነበር፤ «በሥራው ቀልድ የማያውቅ» በሚል ታረቅን። «ከሁሉም ጋር ተግባቢ» የሚለውን ግን አታስገቡ፣ በየለቅሶው ስለሚነበብ የሚሰማው የለም።

ከአንድ ገጽ ተኩል አታስበልጡት፤ ሕዝቡ ቆሞ ነው የሚሰማው፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድም አይታገሥም። አንባቢው ሲያለቅስ የሚቀበለው ሰው ከጎኑ ይቁም፣ ሁለተኛ ቅጂም ይያዝ።

ደብተሮቹን ቤት ሲጸዳ ለምድጃ ከመሄዳቸው በፊት ሰብስቧቸው። እያንዳንዱን ገጽ በስልክ አንሱ፣ የሐይቁን ስምና ዓመቱን ሽፋኑ ላይ ጻፉ፣ ከዚያ ለወሎ ዩኒቨርሲቲ ወይም ሰበታ ላለው የዓሣ ምርምር ማዕከል ስጡ። ስትሰጡ የርክክብ ፊርማ ተቀበሉ።