ቤት ከመከራየታችሁ በፊት የጋዙን ሂሳብ ሥሩ

ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ አካባቢ ኑሮ ልትጀምሩ ከሆነ፣ የመጀመሪያዎቹ ወራት ውሳኔ ይበዛባቸዋል። የት ልከራይ? ምን መኪና ልግዛ? የትኛውን ሥራ ልያዝ? በእያንዳንዱ ውሳኔ ውስጥ የጋዝ (እዚህ የመኪና ቤንዚን ማለት ነው) ወጪ ተደብቋል። ብዙ ሰው ይህንን የሚያየው ከፈረመ በኋላ ነው።

አገር ቤት የቤንዚን ዋጋ የሚወስነው መንግሥት ነው። አዲስ ዋጋ ሲታወጅ በአንድ ከተማ ያለ ማደያ ሁሉ እኩል ይሸጣል። እዚህ እያንዳንዱ ማደያ ዋጋውን ራሱ ያወጣል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ማደያ በጋሎን 30 ሳንቲም ቢረክስ አትገረሙ። አንድ ጋሎን 3.8 ሊትር ገደማ ነው። ድፍድፍ ነዳጅ በዓለም ገበያ ሲወደድ ዋጋው ቶሎ ይሰቀላል፤ ሲረክስ ግን እየተንቀራፈፈ ነው የሚወርደው። በኮቪድ ወቅት፣ በ2020 ኤፕሪል፣ የአገሪቱ አማካይ ከ2 ዶላር በታች ነበር። በ2022 ጁን ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ 5 ዶላር አለፈ። በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬ ሰሌዳው ላይ ባያችሁት ዋጋ በጀት አትያዙ።

ዋጋውን መቆጣጠር አትችሉም። በወር ስንት ጋሎን እንደምታቃጥሉ ግን በእጃችሁ ነው፤ በተለይ አሁን፣ ገና ምንም ሳትፈርሙ።

ሥራችሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው እንበል። ፍሬድሪክ ውስጥ 250 ዶላር የሚረክስ አፓርትመንት አገኛችሁ። መንገዱ 40 ማይል ገደማ ስለሆነ ደርሶ መልሱ 80 ነው። በወር 22 ቀን ብትሠሩ 1,760 ማይል ይሆናል። መኪናችሁ በጋሎን 25 ማይል የሚሄድ ከሆነ 70 ጋሎን ያስፈልጋችኋል። ጋዝ 3 ዶላር ሲሆን 210 ዶላር፣ 4 ሲገባ 280፣ 5 ሲደርስ 350 ነው። በኪራይ የተረፈው ገንዘብ ማደያ ቀረ። የዘይት ቅያሪውን፣ ጎማውንና ጠዋት ጠዋት 270 በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ተሰልፋችሁ የምታጠፉትን ጊዜ ገና አልቆጠርንም። ኪራይ ለዓመት የተቆረጠ ነው፣ ኢንሹራንስም አይጠብቅም። ጋዝ ሲጨምር የሚቀነሰው ከአስቤዛ ወይም እናት አባት ከሚጠብቁት ብር ነው። ልጆች ያሏችሁ ይህን ሂሳብ ወረቀት ላይ አስቀምጡት እላለሁ።

መኪናም እንደዚያው ነው። በወር 1,000 ማይል ብትነዱ፣ በጋሎን 22 ማይል የሚሄድ ትልቅ መኪና 45 ጋሎን ይጠጣል። 33 የሚሄድ ትንሽ መኪና 30 ይበቃዋል። በጋሎን 50 ማይል ገደማ የሚሄድ ፕሪየስ በ20 ጋሎን ይጨርሳል። የእኛ ሰዎች ታክሲና ኡበር ሲነዱ ፕሪየስ የሚመርጡት በከንቱ አይደለም። ያገለገለ መኪና ከመግዛታችሁ በፊት ፉዩል ኢኮኖሚ ዶት ጎቭ በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ሞዴሉንና ዓመቱን አስገብታችሁ በጋሎን ስንት እንደሚሄድ እዩ። ሻጩ የሚነግራችሁን ብቻ አትመኑ።

ማደያው ጋ ስትደርሱ ሰሌዳውን በደንብ አንብቡ። በትልቁ የተጻፈው አንዳንድ ጊዜ የካሽ ዋጋ ነው፤ በካርድ ከከፈላችሁ ይጨምራል። መኪናችሁ የግድ ፕሪሚየም ካልጠየቀ ሬጉላር፣ 87 የሚለውን ሙሉ። ውዱን መሙላት ለሞተሩ የተለየ ጥቅም የለውም። ናፍጣ ዲዝል ተብሎ ነው የሚጻፍበት። የመሙያውን ቀለም ሳይሆን ጽሑፉን እዩ።

አዲስ ሰው ብዙ ጊዜ የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ዴቢት ካርዳችሁን ፓምፑ ላይ ስታስገቡ፣ ስንት እንደምትሞሉ ስለማይታወቅ ባንኩ ለጊዜው እስከ 175 ዶላር ሊይዝባችሁ ይችላል። የሞላችሁት የ20 ዶላር ቢሆንም። የተያዘው ይለቀቃል፤ ግን ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይወስዳል። አካውንታችሁ ውስጥ ያለው 200 ዶላር ከሆነና ነገ የስልክ ሂሳብ የሚቆረጥ ከሆነ ጣጣ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። የፓምፑን ቁጥር ያዙ፣ ውስጥ ገብታችሁ ለገንዘብ ተቀባዩ «ትዌንቲ ኦን ናምበር ፎር» (ፓምፕ ቁጥር 4 ላይ የ20 ዶላር) በሉት። 20 ዶላር ከፈላችሁ፣ 20 ዶላር ሞላችሁ፣ አለቀ።

ጋዝ በዲ የሚባለው አፕ በየማደያው ያለውን ዋጋ ያሳያል። ቨርጂኒያ የነዳጅ ታክሱ ከሜሪላንድ ያነሰ ነው። ቢሆንም 10 ጋሎን ለመሙላት ብላችሁ ድልድይ አትሻገሩ። በጋሎን 20 ሳንቲም ቢረክስ ትርፉ 2 ዶላር ነው፣ እሱም መንገድ ላይ ይቃጠላል። ለሥራ ከተሻገራችሁ ግን እዚያው ሙሉ። የጎማ ነፋስም በተለይ ብርዱ ሲገባ ይቀንሳል፣ ጋዝም ያስበላል። ትክክለኛው ልክ የሾፌሩ በር ሲከፈት ጠርዙ ላይ ተለጥፏል።

መኪና ሳይኖራችሁ መቆየት የምትችሉ ከሆነ ቆዩ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ራይድ ኦን አውቶቡስ ከ2025 ጁን መጨረሻ ጀምሮ ነጻ ነው። የአሌክሳንድሪያው ዳሽ አውቶቡስም ከ2021 ጀምሮ አይከፈልበትም። ፉድ ስታምፕ (የመንግሥት የምግብ ድጋፍ) የምታገኙ ከሆነ ሜትሮ ሊፍት በሚባለው ፕሮግራም ተመዝገቡ፤ ሜትሮ ባቡርና ሜትሮባስ ላይ በግማሽ ዋጋ ትሄዳላችሁ። የቤት ፍለጋችሁን በነዚህ መስመሮች ዙሪያ ብታደርጉት፣ ኪራዩ ትንሽ ቢወደድም ብዙ ጊዜ ያዋጣል።

ኡበር ወይም የምግብ ማድረስ ሥራ ለመጀመር ያሰባችሁ፣ ስልኩ ላይ የሚታየው ገቢ የእናንተ ገንዘብ እንዳልሆነ እወቁ። ጋዙ፣ ጥገናውና የመኪናው እርጅና ከሱ ላይ ይነሳል። ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ ለሥራ የነዳችሁትን ማይል ከነቀኑ መዝግቡ። የታክስ መሥሪያ ቤቱ አይአርኤስ ለ2025 ለሥራ ለተነዳ ለእያንዳንዱ ማይል 70 ሳንቲም ከሚታክሰው ገቢ ላይ እንዲቀነስ ፈቅዶ ነበር። በዚያ ልክ 10,000 ማይል የመዘገበ ሰው 7,000 ዶላር ከሚታክሰው ገቢ ላይ ያስቀንሳል። ይህ ለራሱ ለሚሠራ ነው፤ ተቀጥራችሁ ከቤት ሥራ የምትመላለሱበት አይቆጠርም።