አዲሱ የካቢኔት በር አልዘጋ ሲለኝ ያገኘሁት መፍትሔ

በእቃ ማጠቢያው ስር ያለው የካቢኔት በር ውሃ ጠጥቶ አበጠ። በ18 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ጣውላ) አዲስ ሠራሁ። ቁመቱም ስፋቱም ከአሮጌው ጋር እኩል ነው። በአዲስ ማጠፊያ ስገጥመው ግን ወደ ጎን 9 ሚሊሜትር ያህል ሄዶ ከአጠገቡ በር ጋር ተጋጨ። በማጠፊያው በኩል ደግሞ የካቢኔቱ ጠርዝ ግማሹ ተጋልጦ ቀረ።

መጀመሪያ የማጠፊያውን የጎን ማስተካከያ ብሎን አዞርኩ። የሚያንቀሳቅሰው 2 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። ካቢኔቱ ላይ የሚታሰረውን መቀመጫም ነቅዬ እንደገና አሰርኩ። ምንም ለውጥ የለም። የበሩን ጠርዝ ልላግ ብዬ ነበር፤ እንኳን ተውኩት።

በሦስተኛው ቀን አሮጌውንና አዲሱን ማጠፊያ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ሁለቱም በሩ ላይ በሚቆፈረው ባለ 35 ሚሊሜትር ጉድጓድ ውስጥ ልክ ይገባሉ። ያሳሳተኝም ይኸው ነው። የአሮጌው ክንድ ቀጥ ያለ ነው፤ የአዲሱ አንገቱ ላይ ይታጠፋል። የታጠፈው የሚሠራው ሁለት በሮች አንዱን የመሐል ጣውላ ለሚካፈሉበት ቦታ ነው። የኔ በር ግን የዳር ነው፣ ጠርዙን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት።

ባለ ቀጥ ክንዱን ገዛሁ። አዲስ ጉድጓድ አላስፈለገም። በብሎኑ ትንሽ አስተካክዬ በሁለቱ በሮች መሐል 3 ሚሊሜትር ክፍተት ተውኩ። አሁን ጥርቅም ብሎ ይዘጋል። ማጠፊያ ልትገዙ ስትወጡ አሮጌውን ነቅላችሁ ይዛችሁ ሂዱ።