ጂፒኤስ በምሽት ሲዋዥቅ፦ ከሱሉልታ ጣሪያ ላይ አዮኖስፌርን መለካት

ስፔስ ፊዚክስ ለመማር ያሰበ የአዲስ አበባ ዙሪያ ተማሪ ውድ መሣሪያ እስኪያገኝ መጠበቅ የለበትም። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ ኢትዮጵያን አቋርጦ ያልፋል። በዚህ አካባቢ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ፕላዝማው (በኤሌክትሪክ የተሞላው ጋዝ) የሳሳባቸው «አረፋዎች» በአዮኖስፌር፣ ማለትም ይህ ጋዝ በሚገኝበት የላይኛው ከባቢ አየር ውስጥ፣ ከታች ወደ ላይ ይወጣሉ። የጂፒኤስ ሲግናል እነሱን አልፎ ሲመጣ ጥንካሬው ከፍ ዝቅ ይላል። ይህ መዋዠቅ በመጋቢትና በመስከረም ዙሪያ ይበረታል፤ ሥራውን በእነዚህ ወራት ጀምሩ።

የየሳተላይቱን ጥንካሬና ከአድማስ ያለውን ከፍታ በየሰከንዱ የሚያወጣ ርካሽ ሪሲቨር (የሲግናል መቀበያ)፣ አነስተኛ ኮምፒውተርና መብራት ሲጠፋ የሚተካ ፓወር ባንክ ያስፈልጋል። አንቴናውን 15 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ብረት መሃል አስቀምጡት፤ አሮጌ የብረት ትሪ ይበቃል። ከዚያ ከቤቱ ጣሪያ ቢያንስ 1 ሜትር ከፍ አድርጋችሁ፣ ባህር ዛፍ ከማይጋርደው ቦታ ትከሉት። መብረቅ በሚበዛበት ክረምት ደመና ሲጠቁር ገመዱን ንቀሉ።

ከምሽቱ 1 እስከ 6 ሰዓት መዝግቡ። ሪሲቨሩ የሚጽፈው በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው፤ የእኛ ምሽት 1 ሰዓት እዚያ 16፡00 ነው። ፋይሉን በዚያው ሰዓት ተዉት፣ አትቀላቅሉ።

ለስሌቱ ከ30 ዲግሪ በታች ያሉትን ሳተላይቶች ጣሉ። ሪሲቨሩ ጥንካሬውን የሚሰጠው ዴሲቤል በሚባል የሎጋሪዝም መለኪያ ነው፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት ዴሲቤሉን እንዳለ ወስደው ሲያሰሉ ነው። መጀመሪያ ቁጥሩን ለ10 አካፍሉ፣ ውጤቱን የ10 አርቢ አድርጋችሁ ወደ ኃይል ቀይሩት። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሳተላይት የ60 ሰከንዱን ኃይል መደበኛ ልይይት (ቁጥሮቹ ከአማካዩ የሚርቁበትን መጠን) ለአማካዩ አካፍሉ። የሚገኘው የመዋዠቁ መለኪያ ኤስ4 (S4) ይባላል። ርካሹ ሪሲቨር በሙሉ ዴሲቤል ስለሚያጠጋጋ ከ0.1 በታች ያለውን አትመኑት፤ 0.5 ያለፈ ግን ትኩረት ይሻል።

ግን ወዲያው አረፋ ነው አትበሉ። የጎረቤት ቆርቆሮ ሲግናሉን እያንጸባረቀ ተመሳሳይ መዋዠቅ ያመጣል። መለያው ሰዓቱ ነው፦ የጂፒኤስ ሳተላይት በየቀኑ ከትናንቱ 4 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ወደዚያው የሰማይ ቦታ ይመለሳል። መዋዠቁም በዚያው ሳተላይት ላይ በየቀኑ 4 ደቂቃ እየቀደመ ከተደጋገመ ጥፋቱ የቆርቆሮው ነው። አረፋ እንዲህ ቀጠሮ አያከብርም፤ ዛሬ ታይቶ ነገ ላይመጣ ይችላል፣ ሲመጣም ብዙ ጊዜ ወደ ምሥራቅ ስለሚጓዝ ምዕራብ ያለውን ሳተላይት ቀድሞ ይነካል። ቢያንስ የአምስት ተከታታይ ምሽቶች መዝገብ አነጻጽሩ። ይህን ፍተሻ ያላለፈ ግራፍ ለአማካሪ መምህር አታቅርቡ።